ተቀራራቢ ፋጆችን በጂኖም ማወዳደር፦ በቲ7 እና በቲ3 መጀመር

ባክቴሪያን የሚያጠቁ ቫይረሶችን፣ ማለትም ፋጆችን፣ በጂኖማቸው (በሙሉ የዲኤንኤ ቅደም ተከተላቸው) ለማወዳደር ስትነሱ ወደ ራሳችሁ ናሙና አትቸኩሉ። መጀመሪያ አሠራራችሁን ሁለቱም ኢ. ኮላይን በሚያጠቁት በቲ7 እና በቲ3 ላይ ፈትኑት። የቲ7 ሙሉ ጂኖም በጆን ደን እና በዊልያም ስተዲየር በ1983 ከታተመ ወዲህ ጂን በጂን ስለተጠና፣ የሳታችሁበት ቦታ ቶሎ ይታወቃል። ቲ7 39,937፣ ቲ3 38,208 ቤዝ ጥንድ (የዲኤንኤ ፊደል) አላቸው። እያንዳንዱ ፋይል 40 ኪሎ ባይት ገደማ ነው፤ ጥቂት ፋጆችን ለማወዳደር 8 ጊጋ ባይት ሜሞሪ ያለው ላፕቶፕ ይበቃል። ከጂንባንክ (ክፍት የጂን ቅደም ተከተል ማኅደር) ኤንሲ_001604 (ቲ7) እና ኤንሲ_003298 (ቲ3) የሚሉትን መዝገቦች አውርዱ።

ጫፉ ሳይስተካከል ማወዳደር አይጀመርም

ብዙው ስህተት የሚመጣው ከማወዳደሪያው ፕሮግራም ሳይሆን ከጂኖሙ ጫፍ ነው። የቲ7 ዲኤንኤ ክብ አይደለም፤ ሁለት ጫፍ አለው፣ በሁለቱም ጫፍ ላይ አንድ ዓይነት የ160 ቤዝ ድግግሞሽ ተቀምጧል። በኢሉሚና ማሽን የተነበቡ አጫጭር የዲኤንኤ ቁርጥራጮች (ሪዶች) ስፔድስ በተባለው መገጣጠሚያ ሲገጣጠሙ ፕሮግራሙ ሁለቱን ድግግሞሾች መለየት ስለማይችል ይደርባቸውና ጂኖሙን ክብ ያስመስለዋል። 39,937 የነበረው 39,777 ይሆናል ማለት ነው። በዚያ ላይ ስፔድስ በመጨረሻ በተጠቀመበት የኬ-መር (ለመገጣጠም ሪዶቹን የሚሰባብርበት ቁራጭ) ርዝመት ልክ፣ ለምሳሌ 127 ቤዝ፣ በኮንቲጉ (ተገጣጥሞ በወጣው ቅደም ተከተል) ሁለት ጫፍ የተደገመ ቅደም ተከተል ይተዋል፤ እጃችሁ ላይ የሚደርሰው 39,904 ነው። ይህን 127 ቤዝ የፋጁ እውነተኛ የጫፍ ድግግሞሽ አድርጎ መዘገብ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። የፕሮግራሙ ቅሪት እንጂ የፋጁ አይደለምና አንዱን ቅጂ ቁረጡት።

ቀጥሎ ሪዶቹን መልሳችሁ በኮንቲጉ ላይ ደርድሩና ከቨሬጁን (እያንዳንዱ ቦታ ስንት ጊዜ እንደተነበበ) በግራፍ ተመልከቱ። በድንገት እጥፍ ሆኖ ጥቂት ከሄደ በኋላ በድንገት የሚወርድ ቦታ ካገኛችሁ፣ እውነተኛው ድግግሞሽ እዚያ ነው። ጂኖሙን በዚያ ክፈቱትና ድግግሞሹን በሁለቱም ጫፍ አስቀምጡ። ፋጅተርም የተባለው ፕሮግራም ይህን ይሠራላችኋል፤ ነገር ግን ዲኤንኤው እንደ ኔክስቴራ ባለ በትራንስፖዜዝ ኤንዛይም በሚቆርጥ ኪት ከተዘጋጀ ውጤቱን አትመኑ፤ በዚያ አሠራር የዲኤንኤው የተፈጥሮ ጫፍ ሳይነበብ ይቀራል።

የሪድ ብዛትም ይጎዳል። ፋጅ ትንሽ ስለሆነ ሳታስቡት ብዙ ሺህ እጥፍ ይነበባል፤ ያኔ የንባብ ስህተቶች ራሳቸው ተደጋግመው እንደ እውነተኛ ልዩነት ይቆጠሩና ጂኖሙ ይበጣጠሳል። ወደ 100 እጥፍ ቀንሱት፤ ለ40,000 ቤዝ ጂኖም 150 ቤዝ ርዝመት ባላቸው ሪዶች 13,300 ያህል ጥንድ መሆኑ ነው።

ሁሉም ፋጅ እንደ ቲ7 አይደለም። ላምዳ (48,502 ቤዝ ጥንድ) በጫፎቹ 12 ፊደል ያላቸው ተጣባቂ ነጠላ ክሮች አሉት። ቲ4 ደግሞ ጭንቅላቱ እስኪሞላ ዲኤንኤ ስለሚያጭቅ እያንዳንዱ ቅንጣት ከተለያየ ቦታ ይጀምራል፤ ቋሚ መነሻ ስለሌለው በስምምነት ከአር-ሁለት-ኤ እና ከአር-ሁለት-ቢ ጂኖች መጋጠሚያ ይቆጠራል። ዋናው ነገር የምታወዳድሯቸው ሁሉ ከአንድ ዓይነት ጂን እንዲጀምሩና በአንድ አቅጣጫ እንዲነበቡ ነው። በቲ7 ቤተሰብ መነሻው ቀድመው የሚሠሩት ጂኖች ያሉበት የግራ ጫፍ ነው። በኋላ በሚወጣው የማወዳደሪያ ሥዕል ላይ ሁለቱን ጂኖሞች የሚያገናኙት መስመሮች ሁሉ መሐል ላይ ከተሻገሩ፣ አንዱ ተገልብጧል፤ ተቃራኒውን ክር ወስዳችሁ ድገሙት። መክፈቻው ጂን መሐል ላይ ካረፈ ደግሞ ያ ጂን ለሁለት ተቆርጦ «ይህ ፋጅ ይህ ጂን የለውም» የሚል የሐሰት ግኝት ይወጣል።

መቶኛው እንዴት ይሰላል

በቅደም ተከተል ማወዳደሪያው በብላስት ድረ ገጽ ላይ የሚታየው የመመሳሰል መቶኛ የሚመለከተው የተጋጠመውን ክፍል ብቻ ነው። 92 ከመቶ የሚል ውጤት ከጂኖሙ 40 ከመቶ ላይ ብቻ ከተገኘ፣ አጠቃላዩ 37 ከመቶ አካባቢ ነው። ድረ ገጹ በነባሪነት የሚጠቀምበት ሜጋብላስት በ28 ፊደል ፍጹም መገጣጠም ስለሚነሳ የራቁ ዘመዶችን ያልፋቸዋል፤ በ11 ወደሚነሳው ተራ ብላስት ቀይሩት።

ፋጆቹን በዝርያና በጀነስ (በተቀራራቢ ዝርያዎች ስብስብ) ለመመደብ ቪሪዲክ የተባለውን ፕሮግራም ተጠቀሙ። ስሌቱ ግልጽ ነው፦ ከሀ ወደ ለ እና ከለ ወደ ሀ ሲጋጠሙ የተመሳሰሉት ቤዞች ተደምረው ለሁለቱ ርዝመት ድምር ይካፈላሉ። ለምሳሌ 40,000 እና 38,000 ቤዝ ያላቸው ሁለት ፋጆች በየአቅጣጫው 31,000 ቤዝ ቢመሳሰሉ 62,000 ለ78,000፣ ማለትም 79.5 ከመቶ ይመጣል። በዓለም አቀፉ የቫይረስ ታክሶኖሚ ኮሚቴ መመሪያ 95 ከመቶ የዝርያ፣ 70 ከመቶ የጀነስ ወሰን ነውና እነዚህ ሁለቱ የአንድ ጀነስ ሁለት ዝርያዎች ናቸው። ቲ7 እና ቲ3 በተለያየ ጀነስ ተመድበዋል።

ጂን በጂን

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ ፋጆች ጂን እየተለዋወጡ የተገነቡ ስለሆኑ አንድ አማካይ ቁጥር ልዩነቱ የት እንዳለ አይናገርም። ሁሉንም፣ ከጂንባንክ የወረዱትንም ጭምር፣ በአንድ ፕሮግራም (ፋሮካ ጥሩ ነው) እንደ አዲስ አኖቴት አድርጉ፤ ይህም ጂኖቹ የት እንዳሉና ምን እንደሚሠሩ መለየት ነው። በእጅ የታረመን የቲ7 መዝገብ ከራሳችሁ አውቶማቲክ ውጤት ጋር ብታወዳድሩ የምታዩት የሁለት አሠራሮችን ልዩነት ነው። መዝገቡን ለጂን ስም እና ለማረሚያ አቆዩት። ፕሮግራሙ የሚያመልጠውም አለ፦ የቲ7 ጂን 10፣ ፕሮቲን ሠሪው ራይቦዞም አንዳንዴ አንድ ፊደል ወደ ኋላ ስለሚንሸራተት፣ ከዋናው የጭንቅላት ፕሮቲን በ53 አሚኖ አሲድ የሚረዝም ሁለተኛ ፕሮቲን ይሰጣል። ይህን በእጅ ጨምሩ።

ከዚያ ፋይሎቹን ጂኖችን ጎን ለጎን አወዳድሮ በሚስለው በክሊንከር ፕሮግራም አወዳድሩ። ነባሪ ወሰኑ 30 ከመቶ የፕሮቲን መመሳሰል ነው፤ ግጥሚያው የፕሮቲኑን ቢያንስ ግማሽ መሸፈኑን ለብቻ አረጋግጡ፣ አለበለዚያ አንድ ቁራጭ ብቻ የሚጋሩ ፕሮቲኖች ዘመድ ይመስላሉ። የጭራ ክር የሆነውን ጂን 17ን በክፍል በክፍል እዩት፦ መነሻው ከጭራው ጋር የሚያያዝ ስለሆነ ይጠበቃል፣ መድረሻው ባክቴሪያውን የሚይዝ ስለሆነ ይለዋወጣል።

በቁጥር ስም አትታለሉ። ጂን 0.3 በሁለቱም ፋጆች ግራ ጫፍ አጠገብ ተቀምጧል፤ በሁለቱም ፋጁን ከባክቴሪያው ዲኤንኤ ቆራጭ ኤንዛይም ይከላከላል። የቲ7ቱ ግን ዲኤንኤ መስሎ ኤንዛይሙን የሚያታልል ፕሮቲን ሲሆን፣ የቲ3ቱ ኤስ-አዴኖሲል ሜታይኦኒን የተባለውን ትንሽ ሞለኪውል የሚያፈርስ ኤንዛይም ነው። ቦታና ስም አንድ፣ ፕሮቲኑ ሌላ።

ተቃራኒውም አለ። የሁለቱ አርኤንኤ ፖሊሜሬዞች (ጂንን ወደ አርኤንኤ የሚገለብጡ ኤንዛይሞች) እጅግ ተቀራራቢ ሆነው ሳለ አንዱ የሌላውን ፕሮሞተር (የመገልበጫ መነሻ ምልክት) በደንብ አያነብም። በቲ7 ፖሊሜሬዝ 748ኛው ቦታ ላይ ያለው አሚኖ አሲድ አስፓራጂን ሲሆን፣ በቲ3 አቻ ቦታ አስፓርቲክ አሲድ ነው፤ የቲ7ቱን በአስፓርቲክ አሲድ መተካት ብቻ ፖሊሜሬዙ ወደ ቲ3 ፕሮሞተር እንዲያደላ ያደርገዋል። ስለዚህ ፖሊሜሬዝ ስታወዳድሩ የፕሮሞተሮቹንም ቅደም ተከተል አብራችሁ ፈልጉ። የቲ7 ፕሮሞተር 23 ቤዝ ነው፤ ከፊሎቹ ፊደል በፊደል አንድ ሲሆኑ ሌሎቹ በጥቂት ፊደል ይለያሉ፣ ስለዚህ ፍለጋው ጥቂት አለመገጣጠምን ይፍቀድ። ቲ7 ላይ 17 ፕሮሞተሮች አሉ፤ ፍለጋችሁ 17ቱንም እስኪያወጣ ድረስ ወሰኑን አስተካክሉ፣ ከዚያ በኋላ ወደ አዲሱ ፋጃችሁ ውሰዱት።