ለሪል እስቴት ሥራ ኮምፒውተር ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቤት ማሻሻጥ፣ ማከራየትና ማስተዳደር ዛሬ ግማሹ ሥራ ኮምፒውተር ላይ ነው። ፎቶው፣ ውሉ፣ የወለል ፕላኑ፣ የዋጋ ግምቱ፣ የተከራዩ ክፍያ፣ ሁሉም በሶፍትዌር ነው የሚያልፈው። ብዙ ሰው ግን ላፕቶፑን ከገዛ በኋላ ነው "ለመሆኑ የምሠራበት ፕሮግራም እዚህ ላይ ይሄዳል?" ብሎ የሚጠይቀው። ያኔ ገንዘቡ ወጥቷል። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ ይነሣሉ፤ ማሽኑን መምረጥ ያለበት ሶፍትዌሩ ሆኖ ሳለ ነገሩን ከኋላ መጀመር።

ስህተት አንድ፦ "ማክ ወይስ ዊንዶውስ?" ብሎ መጀመር

ይህ ጥያቄ ለብቻው መልስ የለውም። መጀመሪያ ወረቀት ያውጡና የሚሠሩባቸውን ፕሮግራሞች በሙሉ ይጻፉ። በየቀኑ የሚከፍቷቸውን ብቻ አይደለም፤ በወር አንዴ ሪፖርት የሚያወጡበትን፣ በዓመት አንዴ ሒሳብ የሚዘጉበትንም ጭምር። ከእያንዳንዱ ጎን በብራውዘር የሚከፈት ይሁን፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጫን ይሁን ወይም ስልክ ላይ የሚሠራ ይሁን ያስፍሩ።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ ብዙ ጊዜ አንድ እልኸኛ ፕሮግራም አይጠፋም። ሌሎቹ የትም ይሠራሉ፤ እሱ ግን አንድ ቦታ ብቻ። ምርጫውን የሚወስነው እሱ ነው። ሬቪት በሚባለው የሕንፃ ዲዛይን ፕሮግራም የሚሠራ የአልሚ ቢሮ ለምሳሌ ብዙ የሚያማርጠው ነገር የለም፤ ሬቪት የተሠራው ለዊንዶውስ ብቻ ነው። የተከራዮቹን መዝገብ ለዓመታት የመረጃ ቋት ፕሮግራም በሆነው ማይክሮሶፍት አክሰስ የያዘ ቢሮም እንዲሁ፤ አክሰስ ለማክ አልተሠራም። መረጃን ወደ ሪፖርትና ቻርት የሚቀይረው ፓወር ቢአይ ዴስክቶፕም እንደዚያው። ባለሦስት ገጽታ ንድፍ የሚሠራበት ስኬችአፕ በሁለቱም ላይ ይሄዳል። ፕላን የሚሳልበት አውቶካድ ለማክ አለ፣ ነገር ግን የዊንዶውሱን ያህል ሙሉ አይደለም። የሌላ ሰው ሥዕል ከፍቶ ለማየት ለሚፈልግ ይበቃዋል፤ ቀኑን ሙሉ ሲስል ለሚውል ግን ልዩነቱ ይሰማዋል።

ስህተት ሁለት፦ "በማክም ይሠራል" የሚለውን ቃል እንዳለ መቀበል

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። ኤክሴል ማክ ላይ አለ ወይ? አዎ፣ አለ። ታዲያ የዋጋ ግምት የሚሠሩበት የኤክሴል ፋይል ማክ ላይ ይሠራል ማለት ነው? አይደለም፣ የግድ አይደለም።

የገቢ ንብረት የሚገመትበትን አንድ ፋይል እንውሰድ። የኪራይ ገቢው፣ ባዶ የሚቆይበት ጊዜ፣ የጥገና ወጪው፣ የብድር ወለዱ በየገጹ ተሞልቷል። አናቱ ላይ "አስላ" የሚል ቁልፍ አለ። ማክ ላይ ሲከፈት ቁጥሮቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ፣ ቀለሙም ያው ነው። ቁልፉን ሲጫኑት ግን ዝም። ምክንያቱ፣ እንዲህ ያሉ ቁልፎችና መምረጫ ሳጥኖች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት አክቲቭኤክስ በሚባል የዊንዶውስ ቴክኖሎጂ ነው። ማክ ላይ ያለው ኤክሴል ተራ ማክሮዎችን (ፋይሉ ውስጥ ተጽፈው ሥራን በራሳቸው የሚያከናውኑ ትእዛዞችን) ያስኬዳል፤ አክቲቭኤክስን ግን አያውቀውም። ይኸው ፋይል በብራውዘር በሚከፈተው ኤክሴል ላይ ደግሞ ይብሳል፤ እዚያ ማክሮ ራሱ አይሠራም።

ስለዚህ የፕሮግራሙን ስም ሳይሆን የራስዎን ፋይል ይፈትኑ። በጣም የከበደውን፣ ብዙ ገጽና ብዙ ቁልፍ ያለውን ፋይል በፍላሽ ይዘው ይሂዱና ሊገዙት ባሰቡት ዓይነት ማሽን ላይ ከፍተው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ግምት ይሥሩበት። መከፈቱን አይቶ መመለስ ፈተና አይባልም። ሪፖርቱ በፒዲኤፍ እስኪወጣ ድረስ ይሂዱ።

ስህተት ሦስት፦ "ችግር የለም፣ ዊንዶውስ እጭንበታለሁ" ማለት

ይህ ምክር ድሮ ልክ ነበር። የኢንቴል ፕሮሰሰር የነበራቸው ማኮች ቡት ካምፕ በሚባለው ዘዴ ዊንዶውስን እንደማንኛውም ላፕቶፕ ያስነሡ ነበር። አፕል በኅዳር ወር 2020 (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር) ኤም1 በተባለው የራሱ ቺፕ የሚሠሩ ማኮችን ሲያወጣ ግን ቡት ካምፕ በእነሱ ላይ ቀረ። አሁን ያለው አማራጭ እንደ ፓራለልስ ባለ ፕሮግራም ዊንዶውስን ማክ ውስጥ ማስኬድ ነው። ይሠራል፣ ብዙ ሰውም ይጠቀምበታል። ወጪውን ግን አስቀድመው ይደምሩት። ፓራለልስ ይከፈልበታል፤ ዊንዶውስም ፈቃድ ይፈልጋል። ራሙን (ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚጠቀሙበትን ጊዜያዊ ማኅደር) ደግሞ ሁለቱ ሲስተሞች ይካፈሉታል። 8 ጊጋባይት ራም ለሁለት ሲከፈል ሁለቱም ይጎተታሉ፤ በእነዚህ ማኮች ላይ ደግሞ ራም በኋላ መጨመር አይቻልም።

ከዚህም የሚብስ አለ። እዚያ ላይ የሚጫነው ዊንዶውስ ኤአርኤም ለሚባለው የፕሮሰሰር ዓይነት የተሠራው ነው። ለኢንቴል የተጻፉ ፕሮግራሞች በመሃል እየተተረጎሙ ይሠራሉ፣ አብዛኞቹም ያለችግር። ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩን እንደ ስካነር ካለ መሣሪያ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ ግን አይተረጎምም፤ ለኤአርኤም ተብሎ መሠራት አለበት። ቢሮ ጥግ የተቀመጠውን የቆየ ስካነር ያስቡት። የተፈረመውን ውል የሚያስገባው እሱ ነው። አምራቹ ለኤአርኤም ድራይቨር ካላወጣለት ስካነሩ ተሰክቶም የሌለ ያህል ነው። ዩኤስቢ ላይ በሚሰካ የፈቃድ ቁልፍ የሚከፈቱ የቆዩ ፕሮግራሞችም በዚህ ምክንያት እንቢ ሊሉ ይችላሉ።

ይህ የማክ ብቻ ጣጣ አይደለም። ስናፕድራጎን ፕሮሰሰር ያላቸው የዊንዶውስ ላፕቶፖችም ኤአርኤም ናቸው። ባትሪያቸው ይቆያል፣ ብዙ አይጮኹም፣ ከቤት ቤት ለሚዞር ወኪል ደስ ይላሉ። "ዊንዶውስ ነው" ብለው ብቻ ግን አይግዟቸው።

ስህተት አራት፦ "ሁሉም ነገር ኦንላይን ነው" ብሎ መዘናጋት

ሥራቸው በእርግጥ በሙሉ ብራውዘር ውስጥ የሆነ ወኪሎች አሉ። ማስታወቂያ ይለጥፋሉ፣ ደንበኛ ይመዘግባሉ፣ ውል በኤሌክትሮኒክ ፊርማ ያስፈርማሉ፣ በቃ። ለእነሱ ክሮምቡክ (በዋናነት በብራውዘር የሚሠራ የጉግል ሲስተም ያለው ላፕቶፕ) ይበቃል፣ ውድ ማሽን መግዛትም አይጠበቅባቸውም። እንዲያውም ትርፉን ገንዘብ ጥሩ ሞኒተር ላይ ቢያውሉት ይሻላል።

ብራውዘር ሁሉ አንድ ነው ማለት ግን ስህተት ነው። የቆዩ የንብረት ማስተዳደሪያ ሲስተሞች ለኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ተብለው የተሠሩ ነበሩ። ማይክሮሶፍት ይህን ብራውዘር እንደ ፈረንጆቹ ሰኔ 15 ቀን 2022 ጡረታ አወጣው። እንዲህ ያለ የቆየ ሲስተም ላይ አሁንም የሚሠሩ ከሆነ፣ ኤጅ ብራውዘር ውስጥ ባለው የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ሞድ ሊከፍቱት ይችላሉ፤ እሱ ደግሞ ያለው ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው። ማክም ክሮምቡክም እዚህ ላይ አያዋጣም።

ክሮምቡክ ሲገዙ፣ በተለይ ያገለገለ ከሆነ፣ ዝመና የሚያበቃበትን ቀን ይዩ። ቀኑ የሚቆጠረው እርስዎ ከገዙበት ዕለት አይደለም፤ ሞዴሉ የተሠራበት ፕላትፎርም ገበያ ላይ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ርካሽ ሆኖ የተገኘው ክሮምቡክ ጊዜው ሊያልፍበት ጥቂት ቀርቶት ሊሆን ይችላል።

ስህተት አምስት፦ ዝቅተኛውን መስፈርት እንደ ምክር መቁጠር

ሶፍትዌር አምራቾች ሁለት ዓይነት መስፈርት ይጽፋሉ፤ ዝቅተኛና የሚመከር። ዝቅተኛው ማለት ፕሮግራሙ ይነሣል ማለት ነው። ዊንዶውስ 11 ለምሳሌ ዝቅተኛ መስፈርቱ 4 ጊጋባይት ራም ነው። በ4 ጊጋባይት ግን ሃያ ታብ ከፍቶ፣ ፒዲኤፍ ውል እያነበቡ፣ ከደንበኛ ጋር በቪዲዮ ማውራት አይታሰብም። እኔ ለተራ የሪል እስቴት ሥራ ከ16 በታች አልመክርም። ባለሦስት ገጽታ ዲዛይን ወይም የድሮን ቪዲዮ ካለ 32 ይሁን።

ሞኒተርም ይታሰብበት። ውል በአንድ በኩል፣ መዝገቡ በሌላ በኩል ተከፍቶ ሲሠራ ስህተት ይቀንሳል። ታዲያ ሁለት የውጭ ሞኒተር ያለው ቢሮ ኤም1 ወይም ኤም2 ማክቡክ ኤይር ከገዛ በይፋ የሚሰካው አንዱን ብቻ ነው። በኤም4ቱ ሁለት መሰካት ይቻላል።

ስህተት ስድስት፦ ዕድሜውን ያላዩትን ማሽን በርካሽ መግዛት

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እንደ ፈረንጆቹ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። የተራዘመ የደህንነት ዝመና ቢኖርም ለጊዜው ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮችም በጥቅሉ 8ኛው ትውልድና ከዚያ በኋላ ያሉትን ነው የሚቀበለው። እዚያ ማሽን ላይ የሚቀመጠው የሰው መታወቂያ፣ የባንክ ቁጥር፣ የደመወዝ ማስረጃ ነው። ደንበኛው አምኖ የሰጠውን መረጃ ዝመና በማያገኝ ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም።

አዲስ ርካሽ ላፕቶፕም "ኤስ ሞድ" የሚባል ዊንዶውስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። በእሱ ላይ ከማይክሮሶፍት ስቶር ውጭ ምንም መጫን አይቻልም። ከሞዱ መውጣት በነጻ ነው፣ መመለስ ግን የለም።

ስህተት ሰባት፦ ስልኩንና የሥራ ባልደረባን መርሳት

ቤቱ የሚነሣው ፎቶ በስልክ ነው። አይፎን ፎቶ የሚያስቀምጠው ሄይክ በሚባል ፎርማት ነው፤ ብዙ የማስታወቂያ ሲስተሞች ግን የሚቀበሉት ጄፔግን ነው። በካሜራው ቅንብር ውስጥ በሁሉም ቦታ የሚከፈተውን ፎርማት መምረጥ ይቻላል። አንድ ጊዜ ተስተካክሎ የሚያልቅ ነገር ነው። ቢሮው ዊንዶውስ ሆኖ እርስዎ ማክ ከያዙ ደግሞ ውጫዊ ሃርድ ዲስኩን ይፈትሹ። ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዊንዶውስ ፎርማት የተፎረመተን ዲስክ ማክ ያነበዋል እንጂ ያለተጨማሪ ፕሮግራም አይጽፍበትም። ሁለቱም እንዲጽፉበት ፎርማቱ ኤክስፋት የሚባለው ይሁን። ሲቀይሩት ግን ውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ፋይሎቹን አስቀድመው ሌላ ቦታ ይገልብጡ።

ከመክፈልዎ በፊት ለሶፍትዌሩ አቅራቢ ይጻፉና መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። የትኞቹን የዊንዶውስና የማክ ስሪቶች ትደግፋላችሁ? ኤአርኤም ላይ ይሠራል? የትኛው ብራውዘር ላይ ተፈትኗል? አዲስ የሲስተም ስሪት ሲወጣ በስንት ጊዜ ትከተላላችሁ? የመጨረሻዋን ጥያቄ ችላ አይበሏት። አፕል በ2019 (እንደ ፈረንጆቹ) ባወጣው ካታሊና በተባለው የማክ ሲስተም ላይ ባለ 32 ቢት የሚባሉት የቆዩ ፕሮግራሞች በሙሉ መሥራት አቁመዋል። "አዘምን" የሚለውን ሳያጣሩ የተጫኑ ሰዎች በማግስቱ ፕሮግራማቸው አልከፈት አላቸው። አዲሱ ማሽን ከመጣ በኋላም አሮጌውን ወዲያው አይሽጡ። አንድ ሙሉ የወር መዝጊያ በአዲሱ ላይ ይሥሩ፤ የኪራይ ደረሰኙ፣ የባለቤቱ ሪፖርት፣ ስካነሩ፣ ፕሪንተሩ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይለፍ። ይህም ማሽኑን መመለስ የሚቻልበት ቀን ሳያልፍ ይሁን።