ባልደርስ ጌት 3ን ስትጀምሩ ክላስ እንዴት ትመርጣላችሁ?

ባልደርስ ጌት 3 የተባለውን የቪዲዮ ጌም ከፍታችሁ "አዲስ ጨዋታ" ስትሉ መጀመሪያ የሚመጣው ካራክተር መሥሪያው ነው። 12 ክላሶች፣ ማለትም ካራክተራችሁ የሚይዛቸው የሙያ ዓይነቶች፣ ተደርድረው ይጠብቋችኋል። በየክላሱ ሥር ደግሞ ንዑስ ክላሶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ስምንተኛው ትልቅ ማሻሻያ ብቻውን 12 ንዑስ ክላሶች ጨምሯል። ዓይን አዋጅ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ጌሙን እንደከፈተው ትቶ "ምርጡ ክላስ የቱ ነው?" ብሎ ዩቲዩብ ላይ ይፈልጋል። የሚያገኘው መልስ ግን በአብዛኛው በአንድ ተራ ማን የበለጠ ጉዳት እንደሚያደርስ የሚቆጥር ነው።

እኔ በዚህ መንገድ መምረጥን አልመክርም። ይህ የቤልጂየሙ የላሪያን ስቱዲዮ ሥራ በውጊያ የተሞላ ቢሆንም፣ በውጊያው ብቻችሁን አይደላችሁም። ሦስት ጓዶች አብረዋችሁ ይሰለፋሉ፤ የአራታችሁንም እንቅስቃሴ የምታዙት እናንተ ናችሁ። ብቻችሁን የምትቀሩት በንግግር ጊዜ ነው። ስለዚህ ክላስ ስትመርጡ "በምን እዋጋለሁ?" ከማለታችሁ በፊት "ሰው ፊት ስቆም ምን ዓይነት ሰው ነኝ?" በሉ። ከዚያ የቀረው ይቀላል።

1. መጀመሪያ ፍርሃቱን ጣሉት

ምርጫው የዕድሜ ልክ አይደለም። በመጀመሪያው ምዕራፍ መግቢያ ላይ፣ ጌሙ ሲጀመር የምትገኙበት መርከብ ከተከሰከሰበት ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ፣ ዊዘርስ የሚባል ገጸ ባሕርይ አለ። በአሮጌ መቃብር ውስጥ ታገኙታላችሁ። ባታገኙትም ቆይቶ ራሱ ወደ ካምፓችሁ ይመጣል። 100 ወርቅ ከከፈላችሁት ክላሳችሁን ከነችሎታ ነጥቦቹ እንደ አዲስ ያስመርጣችኋል። ጌሙ ሲጀመር 100 ወርቅ ትልቅ ገንዘብ ይመስላል፤ ያገኛችሁትን ዕቃ ለነጋዴ መሸጥ ስትጀምሩ ግን ቶሎ ይሞላል።

ዊዘርስ ዘራችሁን አይቀይርም። ከየት እንደመጣችሁ የሚናገረው የኋላ ታሪካችሁም እንዳለ ይቆያል። ካራክተር መሥሪያው ላይ ረጋ ብላችሁ ማሰብ ያለባችሁ ስለ እነዚህ ሁለቱ ነው።

2. ስታወሩ ምን እንደሚፈጠር እወቁ

አንድ ዘበኛ በር ላይ አስቁሟችኋል እንበል። ልታሳምኑት፣ ልታስፈራሩት ወይም ልትዋሹት ትችላላችሁ። አንዱን ስትመርጡ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ስክሪኑ ላይ ይንከባለላል። ማለፍ ያለባችሁ ቁጥር 15 ነው እንበል።

ካሪዝማችሁ፣ ማለትም ግርማ ሞገሳችሁ፣ 16 ከሆነ ዳይሱ ላይ 3 ይጨመርላችኋል። በማሳመን የሠለጠናችሁ ከሆናችሁ በመጀመሪያዎቹ ሌቭሎች ሌላ 2 ይመጣል። ድምሩ 5 ነው። ስለዚህ ዳይሱ 10 እና ከዚያ በላይ ካሳየ አለፋችሁ። ዕድላችሁ 55 ከመቶ ነው ማለት ነው። አሁን ደግሞ ካሪዝማው 8 የሆነ፣ በማሳመንም ያልሠለጠነ ካራክተር እዚያው በር ላይ አቁሙት። ከዳይሱ ላይ 1 ይቀነስበታል። 16 እና ከዚያ በላይ ካልመጣለት አያልፍም። ዕድሉ 25 ከመቶ ነው።

በአንድ በር ላይ ይህ ልዩነት ላይከብድ ይችላል። ይህ ጌም ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሮቹ ብዙ ናቸው። በአንድ ንግግር ሙሉ ውጊያ ይቀራል፣ ሊሞት የነበረ ሰው ይተርፋል፣ ጓዳችሁ ከከፋ ውሳኔ ይመለሳል። ጓዶቻችሁም በዳይሱ ብዙም አይረዷችሁም። ክሌሪክ ወይም ድሩይድ በጋይዳንስ ድግምት ከ1 እስከ 4 የሚሆን ቁጥር ሊጨምርላችሁ ይችላል፤ የተናጋሪው ችሎታ ግን የተናጋሪው ብቻ ነው።

ድግምታቸው ወይም ኃይላቸው በካሪዝማ ላይ የቆመ ክላሶች አራት ናቸው፦ ባርድ (ሙዚቀኛው)፣ ፓላዲን (ባለ ቃል ኪዳኑ ተዋጊ)፣ ሶርሰረር እና ዋርሎክ (ሁለቱም ድግምተኞች)። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጫወት ሰው ምርጫውን ከእነዚህ እንዲጀምር የምመክረው ለዚህ ነው። ለውጊያ ብለው ከፍ ያደረጉት ነጥብ ለንግግርም ያገለግላቸዋል።

ሌሎቹ ግን ዲዳ ናቸው ማለት አይደለም። ጌሙ ለየክላሱ የተለየ የንግግር መስመር ይሰጣል። ባርቤሪያን ስትሆኑ ሌላው ሊል የማይችለውን በቁጣ ትላላችሁ። ድሩይድና ሬንጀር ከእንስሳት ጋር የሚያነጋግር ድግምት መማር ይችላሉ። ይህን ደግሞ አትናቁት። በዚህ ጌም ውስጥ ውሻው፣ በሬው፣ አይጡ ሁሉ የሚነግራችሁ ነገር አለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጌሙ አማርኛ የለውም፤ ንግግሩም ረጅም ነው። እንግሊዝኛው ቢከብዳችሁ አትቸኩሉ። ምርጫው ስክሪኑ ላይ ከቀረበ በኋላ የሚያጣድፋችሁ ሰዓት የለም። የክላሶቹን ማብራሪያ ስታነቡም ማውሱን ያልገባችሁ ቃል ላይ አሳርፉት፤ ዝርዝሩ ይወጣላችኋል።

3. ማን አብሯችሁ እንደሚሄድ እዩ

በመጀመሪያው ምዕራፍ የምታገኟቸው ስድስት ዋና ጓዶች የራሳቸውን ክላስ ይዘው ነው የሚመጡት። ሻዶውሃርት ክሌሪክ (ፈዋሽ) ናት። ላይዜል ፋይተር (ተዋጊ) ናት። አስታሪዮን ሮግ (ቁልፍ ከፋች ሌባ)፣ ጌል ዊዛርድ (ድግምተኛ)፣ ዊል ዋርሎክ፣ ካርላክ ደግሞ ባርቤሪያን ናቸው።

ይህን ስታዩ ብዙ ነገር ይቃለላል። ቁልፍ የሚከፍት ሰው አላችሁ። የሚፈውስ አላችሁ። ከፊት ቆሞ የሚመታ አላችሁ። ስለዚህ "ቡድኑ ፈዋሽ ያስፈልገዋል" ብላችሁ ሳትወዱ ክሌሪክ አትሁኑ። ከሌሎች ጋር ኦንላይን መጫወት የለመዳችሁ ሰዎች በተለይ ይህን ሸክም ከላያችሁ አውርዱት።

ከአሥራ ሁለቱ ውስጥ እነዚህ ስድስቱ ያልያዙት ባርድ፣ ፓላዲን፣ ሶርሰረር፣ መንክ፣ ድሩይድ እና ሬንጀር ናቸው። ከነዚህ አንዱን ብትይዙ ከስድስቱ ከማንም ጋር አትደራረቡም። ብትደራረቡም ጌሙ አይበላሽም፤ ዊዘርስ የጓዶቻችሁንም ክላስ በዚያው ዋጋ ይቀይራል።

4. የምትቆጥቡ ናችሁ ወይስ የማትቆጥቡ?

ብዙ መመሪያዎች ይህን ጥያቄ ይዘሉታል። አንዳንድ ክላስ ጉልበቱ በየቀኑ የተሰፈረ ነው። ዊዛርድ በሌቭል 1 ሁለት የድግምት ስሎት፣ ማለትም ድግምት የሚጥልበት ዕድል፣ ብቻ ነው ያለው። ሁለቱን ከጨረሰ ስሎት በማይበሉት ትንንሾቹ ድግምቶች፣ ካንትሪፕ በሚባሉት፣ ነው የሚዋጋው። ስሎቶቹ በደንብ የሚሞሉት ካምፕ ወርዳችሁ ስታድሩ ነው። ለማደር ደግሞ በመካከለኛው የጨዋታ ክብደት 40 ስንቅ ያስፈልጋል።

ከማደር ውጪ አጭር እረፍት አለ። በሁለት አዳር መካከል ሁለት ጊዜ ይፈቀዳል፤ ስንቅም አይጠይቅም። ዋርሎክ የድግምት ስሎቱን፣ መንክ ኪ የሚባለውን የኃይል ነጥቡን፣ ፋይተርም ዋና ዋና ችሎታዎቹን በዚህ አጭር እረፍት መልሰው ያገኛሉ።

እንግዲህ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። በሌሎች ጌሞች ጥሩውን መድኃኒት "ለክፉ ቀን" እያላችሁ ሳትጠቀሙበት ጌሙን የምትጨርሱ ከሆነ፣ ዊዛርድና ሶርሰረር ያስጨንቋችኋል። ድግምቱን እንደያዛችሁት ትሞታላችሁ። ለእናንተ ዋርሎክ፣ ፋይተር፣ መንክ ወይም ሮግ ይሻላል። ሮግ በየተራው አንድ ጊዜ የሚያገኘው ስውር ጥቃት ከናካቴው አያልቅም።

5. አሁን ምረጡ

የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ፓላዲን ነው። ከባድ ጥሩር ይለብሳል፣ ከፊት ይቆማል፣ ትንሽ ይፈውሳል፣ ካሪዝማም አለው። ከሌቭል 2 ጀምሮ ደግሞ ስማይት የሚባለው ይመጣል። ሰይፋችሁ ጠላት ላይ ሲያርፍ አንድ ስሎት አቃጥላችሁ ተጨማሪ የብርሃን ጉዳት ታወርዱበታላችሁ። በሪአክሽን ሜኑ ውስጥ "ጠይቀኝ" የሚለውን ካበራችሁ፣ ምቱ ካረፈ በኋላ ጌሙ ቆም ብሎ ልትጨምሩ እንደምትፈልጉ ይጠይቃችኋል። ስለዚህ በሳተ ምት ስሎት አታባክኑም። ምቱ ክሪቲካል (የጉዳት ዳይሱ በእጥፍ የሚጣልበት) መሆኑን አይታችሁ ያኔ ብትጨምሩበት የስማይቱም ዳይስ በእጥፍ ይጣላል። ይህ ስሜት ምን ያህል እንደሚያረካ ሲደርስባችሁ ታዩታላችሁ።

ፓላዲን ግን ቃል ኪዳን አለው፤ ከሌቭል 1 ጀምሮ ትመርጡታላችሁ። ቃላችሁን የሚጻረር ነገር ካደረጋችሁ ለምሳሌ ያልነካችሁን ሰው ብትገድሉ ቃል ኪዳኑ ይፈርሳል። ማታ ካምፕ ውስጥ አንድ ባላባት መጥቶ ያናግራችኋል። ቃላችሁን በ1000 ወርቅ መመለስ ወይም ቃል አፍራሽ ፓላዲን ሆናችሁ መቀጠል ትችላላችሁ። ያሻችሁን መግደል የምትወዱ ከሆነ ይህ ክላስ ይከብዳችኋል።

ለወሬ ከኖራችሁ ደግሞ ባርድ። ምላሱ ጤፍ የሚቆላ ገጸ ባሕርይ ነው። ያጣጥላል፣ ያባብላል፣ ይዋሻል፤ ድግምትም ቁልፍ መክፈትም ይችላል። ከሌቭል 2 ጀምሮ ለቡድኑ አንድ ተጨማሪ አጭር እረፍት ይሰጣል። ብዙዎች "በውጊያ ደካማ ነው" ይሉታል፤ እኔ አልስማማም። ጠላትን በቁም ሽባ የሚያደርግ ድግምት ያለው ሰው ደካማ አይባልም። ችግሩ ሌላ ነው። ብዙ ነገር ስለሚችል የመጀመሪያ ሰዓታት ላይ ስክሪናችሁ በቁልፎች ይሞላል።

ሳይወሳሰብ ማጂክ የሚፈልግ ዋርሎክ ይሁን። ኤልድሪች ብላስት የሚባለው ካንትሪፑ እስከ መጨረሻው ሌቭል ድረስ እንጀራው ነው። ሶርሰረር የሚያውቃቸው ድግምቶች ጥቂት ናቸው፤ ግን ያጣምማቸዋል። አንዱን ድግምት በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው ላይ መላክ ይችላል። ዊዛርድ ድግምት ሰብሳቢ ነው፤ ያገኘውን የድግምት ጥቅልል ወርቅ ከፍሎ ወደ መጽሐፉ ይገለብጣል። ይህን ሥራ ለጌል ተዉለት።

ባርቤሪያንና ፋይተር ቀላልና ጠንካራ ናቸው። መንክ በባዶ እጁ ይደባደባል፣ ይሮጣል፣ ይዘላል። ድሩይድ ከሌቭል 2 ጀምሮ ተኩላ፣ ሸረሪት ወይም ድመት ይሆናል። ድመት ሆኖ በጠባብ ቀዳዳ መግባት የሚያስደስተው ሰው እሱን ይያዝ። ሬንጀር ቀስትና እንስሳ ለሚወድ ነው።

6. ነጥቦቹን አከፋፍሉ

ጌሙ ለመረጣችሁት ክላስ ነጥቦቹን ራሱ ሞልቶ ያቀርብላችኋል። ሒሳቡ ከሰለቻችሁ እንዳለ ተዉት፤ ያጫውታል። ራሳችሁ ማስተካከል ከፈለጋችሁ 27 ነጥብ አላችሁ፤ በላዩ ላይ ለአንዱ ችሎታ 2፣ ለሌላው 1 ትጨምራላችሁ።

ዋናው ነገር ጥቅሙ የሚጨምረው በእያንዳንዱ ቁጥር ሳይሆን በጥንድ ቁጥር ላይ ብቻ መሆኑ ነው። 14 እና 15 እኩል ናቸው፤ ለውጡ 16 ላይ ነው የሚመጣው። ለፓላዲን እኔ የምጠቀመው ይህን ነው፦ ጉልበት 17፣ ቅልጥፍና 10፣ ጽናት 14፣ እውቀት 8፣ ማስተዋል 8፣ ካሪዝማ 16። 17ቱ ጎዶሎ ቁጥር ቢሆንም በሌቭል 4 አንድ ስትጨምሩበት 18 ይሆናል። የትኛውንም ክላስ ብትይዙ ጽናትን ከ14 በታች አታውርዱት። ሕይወታችሁ የሚቆጠረው በእሱ ነው። ድግምተኛ ስትሆኑም ተመትታችሁ የያዛችሁት ድግምት ከእጃችሁ እንዳይወጣ የሚያደርገው እሱ ነው።

ሁለት ክላስ ማዳቀልን ለሁለተኛው ጨዋታችሁ አቆዩት።

7. እስከ ሌቭል 5 ድረስ ታገሡ

መርከቡ ላይ ያለው መግቢያ ስለ ክላሳችሁ ብዙ አይነግራችሁም። ሌቭል 1 ላይ ሁሉም ይስታል፣ ሁሉም ይሞታል። አብዛኛው ክላስ ንዑስ ክላሱን የሚያገኘው በሌቭል 2 ወይም 3 ነው። ሌቭል 5 ላይ ደግሞ ትልቁ ለውጥ ይመጣል፤ ተዋጊዎቹ በአንድ ተራ ሁለቴ መምታት ይጀምራሉ፣ ዊዛርድና ሶርሰረር ፋየርቦልን የመሰለ ድግምት ያገኛሉ። ከዚያ በፊት ክላሳችሁን አትፍረዱበት።

ሌቭል 5 ደርሳችሁም ካልጣማችሁ ምክንያቱን ለዩ። ውጊያው ከብዷችሁ ከሆነ ክላሱን ሳይሆን የጨዋታውን ክብደት ኤክስፕሎረር ወደሚባለው ቀላሉ ደረጃ አውርዱት፤ ከሴቲንግ ውስጥ በመሃል መቀየር ይቻላል። ተራችሁ ሲደርስ የሚሰለቻችሁ ወይም ንግግሩ ሁሉ የሚከሽፍባችሁ ከሆነ ግን ክላሱ አልሆናችሁም። ካምፕ ውረዱ፣ ሴቭ አድርጉ፣ ለዊዘርስ 100 ወርቁን ክፈሉ። ከሌቭል 1 ጀምሮ ያስመርጣችኋል፤ ያገኛችሁትን ልምድ ግን አይወስድባችሁም። ሌቭሎቹን አንድ በአንድ ወደ ላይ እየመረጣችሁ ወደ ነበራችሁበት ትመለሳላችሁ።