ማታ ትምህርት ለጀመርሽ፦ ካልሲ ስትሠሪ ተረከዙን ለቅዳሜ አቆዪው

ከ9 ዓመት በኋላ ማታ ትምህርት ስጀምር ሹራብ መሥራቴን የምተው መስሎኝ ነበር። ሥራ አለ፣ ልጆች አሉ፣ አሳይመንት አለ። ግን የጅማን ክረምት ታውቂዋለሽ፤ ከክፍል ወጥተሽ ባጃጅ እስክታገኚ ጫማሽ ይረጥባል፣ ቤት ስትገቢ ደግሞ መጀመሪያ የምትፈልጊው ደረቅ ካልሲ ነው። ስለዚህ አልተውኩትም፣ አሠራሬን ብቻ ቀየርኩ።

ካልሲ ውስጥ ሐሳብ የማይፈልግ ክፍል አለ፤ እጅሽ ብቻውን ይሠራዋል። ሙሉ ትኩረት የሚፈልግ ክፍልም አለ። ሁለቱን ለይተሽ በትምህርት ቀንሽ ላይ ካከፋፈልሻቸው ካልሲውም ትምህርቱም ይሄዳሉ።

መጀመሪያ ክር። ለአንድ የሴት ጥንድ መካከለኛ ውፍረት ያለው የሹራብ ክር 100 ግራም ገደማ ይበቃል። ሄርማታ ገበያ ስትወርጂ ክሩን አንገትሽ ላይ አሽተሽ ሞክሪው፤ እዚያ ከኮሰኮሰሽ እግርሽንም ይኮሰኩሳል። ንጹሕ ጥጥ ለዚህ ወቅት አልመክርም፣ ውኃ ይይዛል፣ ቶሎም አይደርቅም። ሱፍ ካገኘሽ እርጥብ ሆኖም ያሞቃል። አክሪሊክ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ እኔ አብዛኛውን ጊዜ የምሠራው በሱ ነው።

መርፌው ሁለቱም ጫፉ የሾለ 5 ፍሬ፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። ልጅ ሆነን በብስክሌት ራጂ እንሠራ ነበር፣ ግን ራጂ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለዚህ ክር ይቀጥናል፣ ካልሲው ድርቅ ይላል።

48 ዓይን (መርፌው ላይ የሚቀመጠው የክር ቀለበት) ጀምሪ፣ በ4ቱ መርፌ ላይ 12፣ 12 አድርገሽ አከፋፍዪ፣ በ5ኛው እየሠራሽ በክብ ዙሪ። 2 ቀጥታ (ክሩ ከመርፌው ኋላ ሆኖ) 2 ግልባጭ (ክሩ ከፊት ሆኖ) እያልሽ 5 ሳንቲ ሜትር ስትሠሪ እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው አፉ ይወጣል። ከዚያ ሁሉንም ቀጥታ፣ ሌላ 12 ሳንቲ ሜትር። የካልሲው ዙሪያ ከእግርሽ ዙሪያ በ10 በመቶ ገደማ ማነስ አለበት፤ እኩል ከሆነ ጫማ ውስጥ ይጠቀለላል።

ይሄ ቀጥታው ክፍል የጥናት ጊዜ ነው። ማስታወሻዬን በራሴ ድምፅ እያነበብኩ ስልኬ ላይ እቀዳለሁ፣ ማታ ልጆቹ ሲተኙ እየሰማሁ እሠራለሁ። ታሪክ፣ ማኔጅመንት፣ ትርጓሜ የሚሸመደድበት ትምህርት ሁሉ እንዲህ ይገባል። ሒሳብና አካውንቲንግ ግን በጆሮ አይሆንም፣ እጅሽ እስክሪብቶ መያዝ አለበት፣ ያኔ ካልሲውን አስቀምጪው። ክፍል ውስጥም አታውጪው።

ተረከዙ የቅዳሜ ጠዋት ሥራ ነው። አንዴ የፈተና ዋዜማ ደክሞኝ ሳለ ጀመርኩት፤ ቁጥሩ ጠፋብኝ፣ ፈታሁት፣ እንደገና ሠራሁት፣ ሳላነብ 6 ሰዓት ሆነ። አንቺ አታድርጊው።

24ቱን ዓይን በሁለቱ መርፌ ላይ ተዪያቸው። በቀሪዎቹ 24 ላይ ብቻ እየተመላለስሽ 24 መስመር ሥሪ፣ በፊት በኩል ቀጥታ፣ በውስጥ በኩል ግልባጭ። የየመስመሩን የመጀመሪያ ዓይን ሳትሠሪ ወደ ሌላው መርፌ አሳልፊያት፤ ግራና ቀኝ ጠርዙ ላይ 12፣ 12 ረጃጅም ዓይን ይወጣልሻል።

አሁን መታጠፊያው። በፊት በኩል አንዷን አሳልፊ፣ 13 ሥሪ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ሥሪ፣ ቀጣይዋን ሥሪና መስመሩን ሳትጨርሺ አዙሪ። በግልባጩ አንዷን አሳልፊ፣ 5 ሥሪ፣ ሁለቱን አንድ ላይ፣ ቀጣይዋን፣ አዙሪ። በየጎኑ 7 ያልተሠሩ ዓይኖች ይቀራሉ፣ ከነሱ በፊት ክፍተት ይታይሻል። ከዚህ በኋላ መቁጠር የለም፤ ከክፍተቱ ወዲህና ወዲያ ያሉትን ሁለት ዓይኖች አንድ ላይ ሥሪ፣ ቀጣይዋን ሥሪ፣ አዙሪ። መጨረሻ ላይ ቀጣይ ዓይን አይኖርም፣ አንድ ላይ ሠርተሽ ብቻ አዙሪ። 14 ከቀረሽ ልክ ነሽ። ቶሎ የሚያልቀው ተረከዙ ስለሆነ እዚህ ቦታ ላይ ቀጭን የናይለን መስፊያ ክር ከሹራቡ ክር ጋር ደርበሽ ብትሠሪ ብዙ ይቆይልሻል።

14ቱን አንዴ በቀጥታ ሥሪ፣ ከሁለቱ ጠርዝ ካሉት ረጃጅም ዓይኖች 12፣ 12 አዲስ ዓይን በመርፌ አውጪና፣ ከተውሻቸው 24 ጋር ወደ ክቡ ተመለሺ፣ በድምሩ 62 ዓይን። በየሁለተኛው ዙር ከየጎኑ ሁለት ዓይን አንድ ላይ እየሠራሽ አንድ አንድ ቀንሺ፣ 48 እስኪሆን። ከዚያ እንደገና ሐሳብ የማይፈልግ ዙር ነው፤ ቅጂሽን ክፈቺ።

ከአውራ ጣትሽ ጫፍ 5 ሳንቲ ሜትር ሲቀር በየሁለተኛው ዙር 4 ዓይን ቀንሺ፣ በየጎኑ ሁለት። 24 ሲደርስ በየዙሩ፣ 8 ሲቀር ክሩን ቆርጠሽ በመስፊያ መርፌ በዓይኖቹ ውስጥ አሳልፈሽ ሳቢውና ቋጪው።

ሲታጠብ አትጠምዝዢው፤ በፎጣ ጠቅልለሽ እርገጪው፣ ከዚያ ቤት ውስጥ ስቀዪው። አክሪሊክ ከሆነ ከሰል አጠገብ አይሁን፣ ይቀልጣል።

የዙሩን ብዛት ደብተርሽ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፊ፣ ሁለተኛዋ እኩል እንድትሆን። ደግሞ የመጀመሪያዋን በጨረስሽበት ማታ የሁለተኛዋን 48 ዓይን ጀምረሽ ተኚ። የፈተና ሳምንት ሲመጣ ቀለሉ ክፍል ዝግጁ ሆኖ ይጠብቅሻል።