ለጨቅላ ሕፃን የጣሳ ወተት በደጋ አገር እንዴት ይዘጋጃል?

የጣሳ ወተት ታሽጎ ቢመጣም ከጀርም ፍጹም የጸዳ አይደለም። ክሮኖባክተር የሚባለው ባክቴሪያ ደረቅ ዱቄት ውስጥ ወራት ይቆያል፤ ለብ ያለ ውሃ ሲያገኝ ይራባል። የሚይዘው ጥቂት ሕፃናትን ነው፤ ከያዘ ግን ማጅራት ገትር ያመጣል፣ በተለይ ሁለት ወር ላልሞላውና ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃን። ጀርሙን የሚገድለው ዱቄቱ የሚበጠበጥበት ውሃ ነው፤ ቢያንስ 70 ዲግሪ መሆን አለበት።

ደብረ ብርሃን ላይ ችግሩ እዚህ ጋ ነው። «ከፈላ በኋላ እስከ 30 ደቂቃ ይቆይ» የሚባለው 100 ዲግሪ ላይ ለሚፈላ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ከተማዋ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ነው። ብርዱ ሲጨመርበት 30 ደቂቃ መጠበቅ ማለት ከ70 ዲግሪ በታች በወረደ ውሃ መበጥበጥ ነው።

እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ጡጦውን ፈታተው፣ ጫፉን ገልብጠው በብሩሽ ይሹ፤ ወተት ደርቆ የሚቀረው እዚያ ነው። ከዚያ ውሃ ውስጥ አጥልቀው 5 ደቂቃ ይቀቅሉ። በሲኒ ማጠጣት ከቻሉ ማጽዳቱ ይቀላል።

ውሃውን ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ያፍሉ። ካወረዱት በኋላ ክዳኑን ሳይከፍቱ ቢበዛ 10 ደቂቃ ያቆዩ። በጣት አይለኩ፤ 50 ዲግሪም ጣት ያቃጥላል። ማታ ፔርሙዝ የገባ ውሃም ለሌሊት ጡጦ አይታመንም።

መጀመሪያ ውሃውን፣ ቀጥሎ ዱቄቱን። መጠኑ ጣሳው ላይ ተጽፏል፤ የሌላ ጣሳ ማንኪያ አይዋሱ፣ መጠኑ ይለያያል። ማንኪያውን ሳይጠቀጥቁ ሞልተው በቢላ ጀርባ ያስተካክሉ። ወተቱ እንዲበረክት ማቅጠን ሕፃኑን ያስርባል፣ ማወፈር ደግሞ ሰውነቱን ውሃ ያሳጣል። እርጥብ ማንኪያ ጣሳው ውስጥ አይግባ።

ከድነው ይነቅንቁ፤ ሳፋ ውስጥ ባለ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከክዳኑ በታች እስኪደርስ ነክረው ያብርዱ። ከማጠጣትዎ በፊት የእጅ አንጓዎ ላይ ጠብ አድርገው ይሞክሩት።

የተበጠበጠ ወተት ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ሕፃኑ ጠብቶ የተረፈው ወዲያው ይደፋ። እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ቆላ ደግሞ ሙቀቱ ባክቴሪያውን ያፋጥነዋል።

ሕፃኑ አልጠባም ካለ፣ ካተኮሰው ወይም ገላው ከቀዘቀዘ፣ ከፈዘዘ ወይም ካንዘፈዘፈው ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ጣሳውንም ይያዙ፤ የምርት መለያ ቁጥሩ ላዩ ላይ ታትሟል።