የፊት አክስል ለማጠናከር? ከብየዳው በፊት ዳዶውን እዩ

የሀርድቶፕ ላንድክሩዘር የፊት አክስል በራሱ ጠንካራ ነው። ኮረኮንች ላይ ቀድሞ የሚላላው ጫፉ ነው። ስለዚህ ማጠናከሪያ ብረት ከማስበየዳችሁ በፊት የመሪውን ክንድ ከናክሉ (መሪ ሲዞር ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞረው የአክስሉ ጫፍ) ጋር የያዙትን ዳዶዎች እዩልኝ። በየጎማው 4 ናቸው። ዙሪያቸው ቀይ የዝገት ዱቄት ወይም የሚያብረቀርቅ ፍትጊያ ካለ ላልተዋል ማለት ነው። ዝም ብሎ ማጥበቅ አይበቃም። ስታዱ (ዳዶው የሚጠብቅበት ጥርሳም ዘንግ) እና ከዳዶው ስር ያለችው ሾጣጣ ሮንዴላ ይቀየሩ፣ ቀዳዳው ከዘይትና ከግራሶ ይጽዳ፣ ከዚያ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ይጠበቅ። በግምት የሚያጠብቅ መካኒክ እኔ አይመቸኝም።

ቀጥሎ በክሪክ አንሱትና ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት። ከተንቃቃ ኩሽኔታውን አስፈትሹ። የናክሉ ግራሶ ቀጥኖ እንደ ሾርባ ከሆነ ደግሞ የውስጡ ፓራኦሊ (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ማሸጊያ) የዲፈረንሻል ዘይት እያሳለፈ ነው።

ብየዳው ከዚህ በኋላ ይምጣ። ማጠናከሪያው የሚገባው የአክስሉ ቱቦ ጫፍ ላይ፣ ናክሉ ከሚዞርበት ኳስ አጠገብ ነው። አጠር አጠር አድርጎ፣ ግራና ቀኝ እየቀያየሩ፣ እያቀዘቀዙ መበየድ ነው። በአንዴ ከጋለ ቱቦው ይጣመምና መኪናው ጎማ መብላት ይጀምራል። ፓራኦሊው እንዳይቃጠል ቀድሞ ይውጣ፤ ባትሪውም ይፈታ።