ከቤትዎ አጠገብ ባለ ውኃ ዓሣ ማጥመድ እንዴት ይጀመራል?

በእግር የሚደረስበት ኩሬ፣ ወንዝ ወይም ሐይቅ ከሩቁና ስመ ጥሩ ከሆነው ውኃ የሚበልጥበት ነገር አለ፤ ተመላልሰው ሊያዩት ይችላሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ዘንግ ሳይዙ ይሂዱ። በቦታው ማጥመድ የተፈቀደ መሆኑን፣ ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነና ዓሣ በሚራባበት ወቅት ክልከላ ካለ አስቀድመው ይጠይቁ። ከዚያ ዳር ቁጭ ብለው ይመልከቱ። ዛፍ የወደቀበት፣ ቄጠማ የበቀለበት፣ ጅረት የሚገባበት፣ ፈጣኑ ውኃ ከዝግተኛው የሚገናኝበት ቦታ ዓሣ አያጣም፤ መሸሸጊያውም ምግቡም እዚያ ነው። ሰዓቱንም ልብ ይበሉ። ሞቃት ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ከቀዝቃዛው ያነሰ ስለሆነ፣ በጠራራ ፀሐይ ብዙው ዓሣ ወደ ጥልቁና ወደ ጥላው ይሸሻል። ማለዳና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ዳር ብቅ ይላል።

ዕቃ አያብዙ። ሁለት ሜትር ገደማ የሆነ ዘንግ፣ ከ3 እስከ 4 ኪሎ የሚችል ናይሎን፣ መንጠቆ፣ ትንንሽ ክብደት፣ የሚንሳፈፍ ቡሽና ፒንሳ ይበቃል። የመንጠቆ ቁጥር ጀማሪን ያሳስታል፤ 12 ቁጥር ከ8 ቁጥር ያነሰ ነው። እኔ ብሆን ትንሹን እመርጣለሁ፤ ትልቅ ዓሣ ትንሽ መንጠቆ ይጎርሳል፣ ትንሽ ዓሣ ግን ትልቅ መንጠቆ አይችልም።

ቋጠሮው ላይ ጊዜ ይውሰዱ። የናይሎኑን ጫፍ በመንጠቆው ቀዳዳ ያሳልፉና በዋናው ክር ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ይጠምጥሙት። ጫፉን መልሰው ቀዳዳው አጠገብ በተፈጠረችው ትንሽ ቀለበት ያሾልኩት። ከማጥበቅዎ በፊት በምራቅ ያርጥቡት፤ ደረቅ ናይሎን ሲፋተግ ይሞቃል፣ ከሞቀ ደግሞ ይደክማል። ክብደቱን ከመንጠቆው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ያያይዙ። ትሉን ሲሰኩ ጫፉ እንዲወራጭ ይተዉለት።

ወደ ዳር ሲጠጉ ኮቴዎን ያቅልሉ፤ ዓሣ በጎኑ በተዘረጋው የስሜት መስመር ንዝረት ያውቃል። ጥላዎም ውኃው ላይ አይረፍ። ወሬ ግን ይቻላል፤ ድምፅ ከአየር ወደ ውኃ እምብዛም ስለማያልፍ ልጆችን ዝም በሉ እያሉ መቆጣት አያስፈልግም። ከራስዎ በላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ቦታ ይቀይሩ፤ የካርቦን ዘንግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

ቡሹ ሲንቀጠቀጥ አይቸኩሉ፤ ዓሣው ገና እየቀመሰ ነው። ሲሰምጥ ወይም ወደ ጎን ሲሄድ ዘንጉን ቀና ያድርጉ። ግማሽ ሰዓት ምንም ካልነካው፣ ቦታ ከመቀየርዎ በፊት ቡሹን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ጥልቀቱን ይሞክሩ።

የማይበሉትን ዓሣ ለመልቀቅ ካሰቡ የመንጠቆውን እሾህ፣ ማለትም ከጫፉ ሥር ወደ ኋላ ያዘነበለውን ሹል፣ አስቀድመው በፒንሳ ይጨፍልቁት፤ ያለ ጣጣ ይወጣል። ዓሣውን በእርጥብ እጅ ይያዙ፤ ሰውነቱን የሸፈነው ዝልግልግ ነገር ከበሽታ ይጠብቀዋል፣ ደረቅ እጅ ግን ይገፈዋል። መንጠቆውን በጥልቀት ከዋጠው አይጎትቱት፤ ክሩን አፉ ሥር ቆርጠው ይልቀቁት። የተረፈው ቁራጭ ናይሎን ኪስዎ ይግባ፤ ወፎች እግራቸው ይተበተብበታል።