በቅመም የተቀቀለ የቻይና አኩሪ አተር፦ ሶያ ሶሱን አትቸኩሉበት
250 ግራም አኩሪ አተር ሌሊቱን ዘፍዝፉ፤ ከእጥፍ በላይ ስለሚያብጥ ሰፊ ዕቃ ይሁን። ውሃውን ደፍታችሁ በአዲስ ውሃ ጣዱት። አረፋው ይገነፍላል፣ እየገፈፋችሁ ክዳኑን ገርበብ አድርጉት። 2 ፍሬ ስታር አኒስ (ኮከብ የሚመስለው ቅመም)፣ ስባሪ ቀረፋና ዝንጅብል ጨምራችሁ በቀስታ እሳት አንድ ሰዓት ያህል ይብሰል። በጣት ሲጫኑት ካልፈረጠ ገና ነው፤ ጥሬው ውስጥ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር ስላለ ሆድ ያውካል። 2 ማንኪያ ሶያ ሶስ የመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች ላይ ብቻ፤ ቀድሞ ከገባ ውሃው ሲመጥ ጨው ጨው ይላል። መረቁ ውስጥ አድሮ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ይበልጥ ይጣፍጣል። 100 ግራም ቅቅል 17 ግራም ገደማ ፕሮቲንና 5 ሚሊ ግራም ያህል ብረት አለው፤ ብረቱ በደንብ እንዲዋሃድ ቃሪያ ክተፉበት።